ቶዋ ባሕር የገባችበት ሳምንት

ኪየም ያቺን ታሪኩን ለመናገር አንድ ቀን እንኳ አልታገሠም። በደቡብ ባሕር ላይ ያለው ናም ዱ ደሴት የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ኡት የተጠበሰ ዓሣና ሩዝ አቀረበችላቸው፤ በርጩማ ሳብ አድርጋም አጠገባቸው ተቀመጠችና ከየት እንደመጡ፣ ምን ሠርተው እንደሚኖሩ ጠየቀቻቸው። ኪየም ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱ ቶዋ ከዚያ ጉሮሮ ጠረጋ በኋላ ምን እንደሚከተል ስለምታውቅ የዓሣውን ሥጋ ከአጥንቱ መለየቷን ቀጠለች።

«እኛ ከሰሜን ነን፤ የታይ ንጉየን ሰዎች፣ የሻይ አገር» አለ። «እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ። እሷ ማሳችንን ትይዛለች። ባሕር አገራችን የለም፤ ወንዝ ግን አለን። ካው ይባላል። ያ ወንዝ አንድ ጊዜ ያደረገንን ልንገርሽ?»

«ይንገሩኝ» አለች ኡት።

ነገራት። ኪየም ሃያ አምስት ዓመቱ ሳለ ካው ወንዝ ዳርቻውን ጥሶ መንደሩን ዋጠው። አሳማው፣ የሩዝ ጎታው፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሳይቀር በጎርፉ ሄደ። ዲየፕ የምትባል የዐሥር ዓመት ተማሪው ውሃው መሃል ስትንገላታ አየ። ሸሚዙን አውልቆ ዘለለ። በአንድ እጁ ልጅቱን፣ በሌላው የሙዝ ግንድ ይዞ ግማሽ ቀን ከጎርፍ ጋር ታገለ፤ ወደ ማታ ላይ አንዲት ጀልባ ቀዛፊ ደርሳ ሁለቱንም ከነነፍሳቸው አወጣቻቸው።

«ያቺ ልጅ ዛሬ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው» ብሎ ጨረሰ። «አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ አስተማሪውን በሚጠይቅበት ቀን፣ አንድም ዓመት ሳታጓድል ቤቴ ትመጣለች።»

ኡት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እንግዲያማ ቤቴ የገባው ዋናተኛ ነው። ነገ ጧት ውሃው እንደ መስተዋት ነው የሚሆነው፤ ያዩታል፣ መምህር።»

«እናያለን» አለ ኪየም። «ለዛሬ መንገዱ አድቅቆኛል።»

ታሪኩ ለቶዋ እንግዳ አይደለም፤ ባል ያገኘችው በሱ ነው። አባቷ ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሊድራት ቃል ለመስጠት ጥቂት ሲቀረው ነበር ስለ ወጣቱ አስተማሪ ወሬ የሰማው። ነገር የማያበዛ የሻይ ገበሬ ነበር። አስተማሪውን አስጠርቶ ሻይ አጠጣው፤ ወሬው እውነት መሆኑን ከራሱ አፍ ሰማ፤ ሲሄድም ለሚስቱ «ለሰው ልጅ ብሎ ጎርፍ የገባ ወንድ የኔን ልጅ አያስርባትም» አለ። እውነትም አላስራባትም። ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ ኪየም ይናገራል፣ ቶዋ ትሠራለች፤ ሁለቱም ሥራቸውን አስታጉለው አያውቁም። አንዲት ልጅ ወለዱ፤ ሃን ትባላለች፤ ሃኖይ ውስጥ ቢሮ ትሠራለች። ወላጆቿ በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት ወጥተው እንደማያውቁ አስባ ይህንን ሰባት ቀን ያዘጋጀችላቸው እሷ ናት። የሥራ ጓደኛዋ ናት ስለዚህ ደሴትና ስለ አክስቷ ስለ ኡት ያወራችላት። ኡት ማለት የመጨረሻ ልጅ ማለት ነው፤ የደቡብ ሰዎች ሰውን በትውልድ ተራው ይጠሩታል።

በማግስቱ ጧት ባሕሩ በእርግጥ መስተዋት መስሎ ነበር። ቶዋ የቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመች። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከወገቧ በላይ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ኡት ሁለት ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አያይዛ አመጣች፤ የዓሣ መረቅ ሲሸጥባቸው የነበሩ ናቸው፤ ሽታቸው አሁንም አለ።

«ይህንን በብብትሽ አድርጊ፣ እትዬ ቶዋ። ወንድሜ ልጆቹን ያስተማረው በዚህ ነው። አንዳቸውም አልሰጠሙም።»

«ልጆች ናቸዋ። እኔ ደርቄአለሁ።»

«የደረቀ እንጨት ነው የሚንሳፈፈው» አለች ኡት።

ቶዋ ገባች። ውሃው ደረቷ ላይ ሲደርስ የኡትን አንገት በሁለት እጇ ጥምጥም ብላ ያዘች፤ ኡትም እየሳቀች አንድ በአንድ ጣቶቿን ታስለቅቅ ጀመር። «አትታገይው። ብትታገይው ይታገልሻል። ተኚበት።» ለመተኛት አንድ ሰዓት ፈጀባት። ከዚያ ግን ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገብቶ ድምፅ ሁሉ ጠፋና እግሮቿ ሳታዛቸው ወደ ላይ ወጡ። ቶዋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸከም ነው የኖረችው፤ ሻይ በቅርጫት፣ ውሃ በባልዲ፣ ልጅ በጀርባዋ። እሷን የተሸከማት ነገር አልነበረም። ሰማዩን እያየች ይህንን አሰበችና ሐሳቡ እንግዳ ሆነባት።

ኪየም ባሕሩ ዳር ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጦ፣ ከአገሩ ይዞት የመጣውን ሻይ ይጠጣ ነበር። የደቡብ ሰዎች ሻይ በበረዶ መጠጣታቸው አልተዋጠለትም።

«መምህር፣ አይገቡም?» ኡት ከውሃው ውስጥ ተጣራች።

«አሁን ነው የበላሁት።»

በሦስተኛው ቀን ጉልበቱን ቀዝቃዛ ነገር እንደማይስማማው ተናገረ። ከሰዓት በኋላ ኡት ደግማ ስትጠይቀው የጨው ውሃ ለደም ግፊት ጥሩ አለመሆኑን ጋዜጣ ላይ ማንበቡን አስታወሰ።

«ባሕሩ ይነክሳል ብለው ነው?»

«የወንዝ ሰው ነኝ፣ ኡት። ጨው አልለመድኩም።»

ቶዋ ይህንን ሁሉ ሰምታለች፤ ግን ልቧን አልሰጠችውም። እሷ በዚያን ሰዓት አንዱን ጀሪካን አውልቃ በአንዱ ብቻ ለመንሳፈፍ እየታገለች ነበር። ሰውነቷ ጠቁሮ፣ ፀጉሯ በጨው ደርቆ፣ ማታ ሩዙን ከወትሮው እጥፍ ትበላለች። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ባልና ሚስት በመረብ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመው ያንቀላፋሉ፤ ኪየም ስለ ዝናብ ነፋሳት ይነግራታል፣ እሷ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ እሱም መተኛቷን እያወቀ እስከ መጨረሻው ይናገራል። ቀኑ እንዲህ ይሄዳል።

በአራተኛው ቀን የኡት ታላቅ ወንድም ባይ ምሳ ጋበዛቸው። ባይ የሚኖረው ውሃ ላይ ነው። ከዳርቻው ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በፕላስቲክ በርሜሎች ላይ ጣውላ ረብርቦ፣ በጣውላዎቹ መካከል መረብ ወደ ታች ዘርግቶ ዓሣ ያረባል። ቤቱም እዚያው ናት፤ አንዲት የቆርቆሮ ጎጆ፣ አንድ ምድጃና አንድ ውሻ። በጀልባ ሲያሻግራቸው ኪየም መሃል ተቀምጦ በግራም በቀኝም ጠርዙን ይዞ ነበር።

ባይ ለምሳ የሚሆነውን ዓሣ እንግዶቹ እንዲመርጡ መረቡን ከፍ አደረገ። ዓሣዎቹ ሲንፈራገጡ ውሃው ተረጨ። ኪየም ለማየት ጠጋ አለ። ጣውላው ርጥብ ነበር፤ ነጠላ ጫማው ሸተት አለና እሱ ራሱ በሁለት ጣውላ መካከል መረብ ባልተዘረጋበት ክፍተት ቁልቁል ገባ። ድምፅ አላሰማም። ቶዋ ኋላ ደጋግማ ያሰበችው ይህንኑ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲናገር የኖረ ሰው ሲሰምጥ አንዲት ቃል አልወጣውም።

በደረቷ ተኝታ እጇን ሰደደች። የሸሚዙን ኮሌታ አገኘችው፤ አመለጣት። ባይ ዘሎ ገባ። ኪየም አንገቱን ጥምጥም አድርጎ ያዘውና ሁለቱም ወደ ታች ሄዱ። ባይ የለመደ ሰው ስለሆነ እጆቹን አስለቅቆ ከኋላው ዞረ፤ በብብቱ ይዞ አወጣውና እንደ ሩዝ ጆንያ ጣውላው ላይ አስተኛው። ኪየም ሳለ፣ ውሃ ተፋ፣ እንደገና ሳለ። አንደኛው ጫማው ወደ ክፍት ባሕር እየተንሳፈፈ ሄደ።

«እዚህ ጣውላ ላይ ያልወደቀ የለም» አለ ባይ ሸሚዙን እየጨመቀ። «ይህ ውሻ እንኳ በሳምንት ሁለቴ ይወድቃል።»

«ጨው ነው» አለ ኪየም ትንፋሹ ሲመለስ። «ጨዉ ዐይኔን ያዘኝ።»

«አዎ፣ ጨው ነው» አለ ባይ።

ኡት ቶዋን አየቻት፤ ከዚያ የሩዙን ድስት ልታይ ሄደች። ምሳ በሉ። ዓሣው ጥሩ ነበር። ኪየም የባይን ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ ልብሱ ሰፍቶት በላ።

ቶዋ ስትመለስ ጀልባዋ ላይ ሆና እጇን ውሃው ውስጥ እየነከረች የባሏን አያያዝ አስታወሰች። እሷ ከሁለት ቀን በፊት የኡትን አንገት የያዘችው ልክ እንደዚያ ነው። ዋና የሚያውቅ ሰው በጨውም ይሁን ያለ ጨው ሰው እንደዚያ አይይዝም። ይህንን ለማወቅ ሌላ ሰው አላስፈለጋትም፤ ሰውነቷ ያውቀዋል። ያን ዕለት አልጠየቀችውም። ምናልባት ይነግረኝ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ።

በማግስቱ ጧት ሻዩን አፈላችና ከዛፉ ሥር ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የሃን አባት፣ በዚያ ጎርፍ ማን ነው ማንን ያወጣው?»

ኪየም ሲኒውን አስቀመጠ። ጉሮሮውን አልጠረገም።

«ልጅቷ» አለ።

«ዲየፕ?»

«ዲየፕ። እኔ የተማሪዎቹን መዝገብ ላወጣ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር፤ ስመለስ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተናደ። ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ የሆነ ነገር ፀጉሬን ያዘኝ። እሷ ግንዱ ላይ ተንጠልጥላለች። ቤታቸው የጀልባ መሻገሪያው ጋ ስለነበር በእግሯ መሄድ ከመጀመሯ በፊት ነው ዋና የቻለችው። እጄን ወስዳ ግንዱ ላይ አደረገችልኝ። ‹መምህር፣ አይልቀቁ› ትለኛለች። ግማሽ ቀን ሙሉ እንዲያ ነው ያለችኝ። ሲደክመኝ፣ እጄ ሲላላ፣ ነከሰችኝ።»

«ነከሰችህ?»

«እዚህ ጋ።» የአውራ ጣቱን ሥር አሳያት። ምንም ምልክት የለም። «ቀዛፊዋ ስትደርስ ያየችው አንድ ትልቅ ሰውና አንዲት ሕፃን በአንድ ግንድ ላይ ነው። ‹መምህሩ ልጅቷን አዳናት› ብላ ጮኸች። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። ስነሣ ሦስት መንደር አውርቶ ጨርሶታል። አርማለሁ ብዬ ነበር፣ የሃን እናት። ዛሬ ነገ ስል አባትሽ ለሻይ ጠሩኝ።»

«ለአባቴ ዋሸህ።»

«‹እንዲህ አደረግህ አሉ› አሉኝ። ‹አዎ› አልኩ። ያን ቀን ያልኩት አዎ ብቻ ነው። ዝርዝሩ ኋላ ነው የመጣው።»

ቶዋ ሻዩን አልነካችውም። አንድ ዶሮ በመካከላቸው እየጫረች አለፈች።

«ዲየፕስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? የዐሥር ዓመት ልጅ፣ እኔ አስተማሪዋ።»

«ዛሬ የዐሥር ዓመት ልጅ አይደለችም። ቤታችን ተቀምጣ አንተ ስታወራው ‹አዎ፣ መምህር› ትልሃለች።»

«ትለኛለች» አለ ኪየም። ይህን ጊዜ አንድም ቃል ስላልጨመረበት ቶዋ እውነቱን መናገሩን አመነች።

ተነሥታ የቅጠል ባርኔጣዋን አጠለቀችና ሄደች። በደሴቲቱ ዙሪያ አንድ መንገድ ነው ያለው፤ ሰው ቢሄድበት ከተነሣበት ይመለሳል። ግማሹ ላይ ስትደርስ ጥላ ያለው ድንጋይ አገኘችና ተቀመጠች። የተቆጣችው በምን እንደሆነ ልትለየው ፈለገች። ሰው ለማግባት ሲል ይዋሻል፤ ያኛው ሾፌርም መኪናው የራሱ ነው ብሎ ዋሽቶ እንደነበር ኋላ ተሰምቷል። ዋና አለመቻሉም ምንም አይደለም፤ ሻይ ማሳ ውስጥ ዋና ለምን ይሆናል? የከነከናት ሌላ ነው። በዚያ የበዓል ገበታ ዙሪያ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ ሁለቱ ያውቃሉ፣ ሻይ የምትቀዳዋ ብቻ አታውቅም።

ስልኳን አውጥታ ዲየፕ ጋ ደወለች። ዲየፕ የዳክዬ ጫጩት የምታስፈለፍል ሴት ናት፤ ስልኩን ስታነሣ ከኋላዋ በመቶ የሚቆጠር ጫጩት ይጮሃል።

«እትዬ ቶዋ፣ ደኅና ነዎት? ባሕሩ እንዴት ነው? መምህር በረቱ?»

«ደኅና ነን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፣ ዲየፕ። በጎርፉ ጊዜ መምህርን ነክሰሻቸው ነበር?»

በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ ተሰማ፤ የጫጩቶቹ ጩኸት ራቀ።

«ነገሩዎት እንዴ?»

«ዛሬ ጧት።»

«ዛሬ ጧት?» የዲየፕ ድምፅ ተለወጠ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ድሮ የነገሩዎት መስሎኝ ነው። የተጋባችሁ ሰሞን። በየዓመቱ እኔ ከወጣሁ በኋላ ሁለታችሁ ስትስቁ ይታየኝ ነበር።»

«አልሳቅንም» አለች ቶዋ። «አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«መጀመሪያ ፈርቼ። አስተማሪዬን ውሸታም ልበል? ኋላ ግን ፍርሃት አይደለም። እንዴት ልንገርዎት። ያን ዕለት ውሃው ላይ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። መምህር ነበሩ፣ ግን እሳቸውን እኔ ነኝ የያዝኳቸው፤ እኔን የያዘኝ ማንም የለም። እሳቸው ሲያወሩት ግን እኔ ትንሽ ልጅ ነኝ፤ አንድ ትልቅ ሰው አይቶኝ፣ ሸሚዙን አውልቆ ይመጣል። መስማት ወደድኩት። ለሱ ስል ነው በየዓመቱ የምመጣው ብልዎት ማጋነን አይሆንብኝም።»

ስለ ዳክዬ ዋጋና ስለ ዝናቡ ጥቂት ተጨዋወቱና ተሰነባበቱ። ዲየፕ ላይ መቆጣት እንደማትችል አወቀች፤ ይህም ቁጣዋን ግማሽ አደረገው። ግማሹ ግን ቀረ።

ኡት በሞተር ሳይክሏ የዓሣ ገበያ ሄዳ ስትመለስ መንገድ ላይ አገኘቻትና ከኋላዋ ጫነቻት።

«መምህር ዋና አይችልም» አለቻት ቶዋ ከጀርባዋ።

«እኔ በሁለተኛው ቀን አውቄአለሁ። ዋናተኛ ሰው ውሃ ሲያይ እግሩ አርፎ አይቀመጥም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባልሽ አይደል? የምታውቂ መስሎኝ።»

ሁሉም ሰው የምታውቅ መስሎታል። ቶዋ የኡትን ወገብ አጥብቃ ያዘች።

በስድስተኛው ቀን ኪየም ሳትጠይቀው ከወንበሩ ተነሣ። ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ሁለቱን ጀሪካን በብብቱ ይዞ፣ ማንንም ሳያይ ወደ ውሃው ሄደ። ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱ፣ ወገቡ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ። ማዕበል የለም፤ ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ቶዋ አጠገቡ ተንሳፍፋ ጠበቀችው። ብዙ ደቂቃ ቆመ።

«ልያዝህ?»

«አይ። ይበቃኛል።»

ተመልሶ ወጣ። እሷም አላስገደደችውም። ያን ዕለት ያለ ጀሪካን ሃያ ክንድ ያህል ዋኘች፤ አፍንጫዋ ውስጥ ውሃ ገባ፣ አልሞተችም፣ ደገመችው። ስትወጣ ፎጣ ይዞ ጠብቋት ነበር።

«ነገ በጧቱ ጀልባ ነው የምንሄደው» አላት። «ሻንጣውን አዘጋጅቼዋለሁ።»

«የኔን ልብስ አውጣልኝ» አለች ቶዋ ፀጉሯን እያደረቀች። «እኔ አምስት ቀን እጨምራለሁ። ከኡት ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ወጥ ቤት አግዛታለሁ።»

ኪየም ያልሰማ መሰለ። «ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልንሳፈፍ።»

«ሻዩስ? የሚለቀምበት ሰዓት ደርሷል።»

«አንተም እጅ አለህ። ጎረቤት ይረዳሃል።»

ፎጣውን አጠፈው፣ ፈታው፣ እንደገና አጠፈው። «ለሃን ምን ልበላት?»

«ያየኸውን ንገራት። እናትሽ ውሃ ውስጥ ናት በላት።»

በማግስቱ እስከ ጀልባው ሸኘችው። ኡት ለመንገዱ ዳቦና የደረቀ ዓሣ ቋጥራለታለች፤ ባይ የጠፋውን ጫማ የሚተካ አንድ ነጠላ ጫማ ሰጥቶታል፤ ቀለሙ ከሌላው አይገጥምም። ጀልባው ጡሩምባውን ሲነፋ ኪየም መወጣጫው ላይ እግሩን አድርጎ ዞረ።

«ተቆጥተሻል?»

ቶዋ አሰበች። ለመልሱ ብላ ሳይሆን በእርግጥ ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ነው ያሰበችው።

«ትንሽ» አለች። «ሲያልቅ እመጣለሁ።»

ራሱን ነቀነቀና ገባ። መስኮት አጠገብ አልተቀመጠም፤ ውሃው እንዳይታየው መሃል ወንበር መረጠ። ጀልባው ከወደቡ ሲወጣ ቶዋ ጥቂት ቆማ አየችው፤ ከዚያ ወጥ ቤት የሚጠብቃት የሩዝ ድስት ትዝ አላትና ተመለሰች።

የሚቀጥሉት ቀኖች የሚወራ ብዙ ነገር የላቸውም። ጧት ሩዝ ታጥባለች፣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች፣ ከሰዓት በኋላ ትዋኛለች። በሁለተኛው ቀን ከባሕሩ ዳር ራቅ ብላ እስከታሰረችው ጀልባ ደርሳ ተመለሰች። በሷና በኪየም መካከል የቀረውን ነገር ለማሰብ ወስና ውሃው ላይ ብትተኛም ሐሳቡ አብሯት አልቆየም፤ ውሃ ላይ የተኛ ሰው ነገር መያዝ አይችልም። ይልቅ አባቷን አሰበች። አባቷ እስኪሞት ድረስ ኪየምን እንደ ጀግና ነበር የሚያየው። ቢያውቅ ኖሮ ለሾፌሩ ይድራት ነበር፤ ሾፌሩም ኋላ ሁለት ሚስት ፈትቷል።

በሦስተኛው ቀን ሃን ደወለች። ቶዋ ከውሃ ገና መውጣቷ ነበር።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምሰማው? አባባ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ደወለልኝ። ከራክ ዣ ወደብ እስከ ካን ቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አወራ።»

«ምን አለሽ?»

«ሁሉን ነገር። ዲየፕ ናት ያዳነችኝ አለኝ። ከጎኑ ያሉት ሰዎች ሳይቀሩ ይሰሙት ነበር፤ አንዲት ሴት ‹ከዚያስ?› ስትለው ሰማኋት።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እላለሁ? ደነገጥኩ። መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፣ አልሰማሁህም አልኩት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ደገመልኝ።» ሃን ሳቋን የያዘች መሰለች። «እማዬ፣ በመጀመሪያው ዲየፕ አንድ ጊዜ ነው የነከሰችው። ሲደግመው ሦስት ጊዜ ሆኗል። ውሃ ውስጥ እባብም ነበረ።»

ቶዋ ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ ስለወጣ ኡት ቢላዋ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየቻት።

«እባቡ አልነበረም» አለች ቶዋ ትንፋሿን ስትሰበስብ። «ንክሻው ግን አንዴ ነው። ለኔ ሲነግረኝ አንዴ ነበር።»

«ተጣልታችኋል?»

«አይ። እሱ ሻይ እየለቀመ ነው፣ እኔ ባሕር ውስጥ ነኝ።»

«ቅዳሜ ትመጫለሽ?»

«ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ከአምስቱ ቀን አንዱንም አላጎደለችም። በመጨረሻው ጧት ኡት በጀልባ ከጎኗ እየቀዘፈች፣ እሷ እስከ ባይ ጣውላ ዋኘች። ሦስት መቶ እርምጃው ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ ሁለት ጊዜ በጀርባዋ ተኝታ አረፈች፣ አንድ ጊዜ ጀልባዋን ያዘች። ውሻው ጮኸባት። ባይ እጇን ይዞ አወጣት።

«ሳትበዪ አትሄጂም» አለ ባይ። የባሕር ጃርት የሚባል እሾሃም ፍጥረት ሥጋው የገባበት የሩዝ አጥሚት በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አቀረበላት። ቶዋ እግሯን ውሃው ውስጥ አንጠልጥላ፣ ልብሷ እየተንጠባጠበ፣ እስከ ታች ጠጣችው፤ ከዚያም አንድ ሳህን አስጨመረች።